ከመሪው ሥር

«ከውጭ የገባ ሌባ የለም! ሌባው እዚሁ ነው፤ እዚሁ በልቶ እዚሁ የሚያድር!» የሚለውን ድምፅ ሽቦ የሰማው የግቢውን በር ገና ሳያንኳኳ ነው። እጁን እንዳነሳ ቆመ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ሲፈታና ሲገጥም የስንቱን ቤት ጉድ ሰምቷል፤ ግን በጠዋቱ፣ ሦስት ሰዓት እንኳን ሳይሞላ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ አሁንም አይለምደውም። ድምፁ የወንድ ነው። ሽቦ ጥቂት ጠብቆ አንኳኳ። የከፈተችለት አርባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት ናት፤ የሳሙና አረፋ ያልለቀቀውን እጇን በቀሚሷ እየጠራረገች፣ ዓይኗ ደም መስሎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ «ደህና አደሩ ጋሼ? ይግቡ» አለችው። ስድቡ ለማን እንደነበር ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም።

«ሽቦ» የወጣለት ስም ነው እንጂ እናቱስ ሌላ ብላው ነበር። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በመሆኑና ገላው ላይ ሥጋ የሚባል ነገር ባለመኖሩ ጋራዥ ውስጥ ያወጡለት ቅጽል እስከ ቤቱ ተከትሎት ገብቶ፣ ሚስቱም ስትናደድ በዚሁ ትጠራዋለች። የዕቃ ሳጥኑን ይዞ ወደ ግቢው ሲዘልቅ በቆርቆሮ ጥላ ሥር አንዲት ነጭ የቤት መኪና ቆማለች። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ግን ተኳኩላለች፤ ጎማዋ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል፣ ወንበሮቿ አዲስ ልብስ ለብሰዋል። ከጎኗ የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰ፣ ስልኩን ከእጁ የማያወርድ ሰው ይንጎራደዳል። የቤቱ ትልቅ ልጅ ነው፤ የቅድሙም ድምፅ የእሱ ነው። በረንዳው ደረጃ ላይ ደግሞ ታናሽየው ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ተቀምጧል። ሽቦ ሰላም ሲለው በቅንድቡ መለሰለት።

ትልቁ ልጅ ነገሩን ያስረዳው እንደ ክስ ነው። መኪናዋ የአባታቸው ናት። አባታቸውን ከስምንት ወር በፊት ደም ግፊት ጥሏቸው ቀኝ ጎናቸውና አንደበታቸው ተይዟል፤ ስለዚህ ወንድማማቾቹ ተመካክረው ሊሸጧት ወስነዋል። ገዢው ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ መጥቶ ነድቷት ይሄዳል፤ ነገ ወደሚሠራበት ሩቅ አገር ስለሚመለስ ሌላ ቀን የሚባል ነገር የለም። ሰኞ ዕለት መኪናዋ ደህና ነበረች። ራሱ ወስዶ አሳጥቧት፣ ራሱ ነድቶ መልሷት፣ አመሻሹንም ራሱ እዚሁ ጥላ ሥር ሲያሰማምራት ቆይቷል። ማክሰኞ ጠዋት ቁልፉን ቢያዞር እምቢ አለች። ያን ዕለት የሰፈሩ መካኒክ መጥቶ ባትሪ ለወጠ፣ ካንዴላ ፈታ፣ መልሶ ገጠመ፣ ላቡን ጠረገ፤ በመጨረሻም ባለሙያ ሲያቅተው የሚላትን ነገር ብሎ ሄደ፦ «ሰው ነክቷታል።» ሽቦ ይቺን ቃል ሲሰማ ቆሽቱ አረረ። እሱም በወጣትነቱ ብዙ ቦታ ብሏታል። አንድም ቀን ግን፣ እሱ ሳጥኑን ይዞ ከሄደ በኋላ፣ ያ «ሰው» የተባለው ማን ሆኖ እንደሚገኝ አስቦ አያውቅም።

እዚህ ቤት የተገኘችው ሚጣ ናት፤ በሩን የከፈተችለት ሴት። ዕድሜዋ አርባን ሊያንኳኳ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን አሁንም ሚጣ ነች። አባቷን የምታጥበው፣ የምታጎርሰው፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ በዚህችው መኪና ወደ ሕክምና የምታመላልሰው እሷ ናት። መኪናዋ አትሸጥ ያለችም እሷ ብቻ ናት፤ የራሷ ቁልፍም አላት። ለትልቁ ልጅ ከዚህ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። «አሁን እስከ ስምንት ሰዓት አንድ ነገር አድርግ» አለው ሽቦን። «ካልተነሳች ግን እሷም ዕቃዋን ትሰብስብ። አባባን የሚያስታምም ሰው ገንዘብ ከፍሎ ማግኘት አያቅትም። ሌባ ግን ቤት ውስጥ አናኖርም።» ይህንን ጮክ ብሎ፣ እንድትሰማ አድርጎ ነው ያለው። ቀጥሎ ግን ወደ መስኮቱ ገልመጥ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባባ መሸጧን አያውቅም። ለሕክምናህ ነው የምናሠራት ብለነዋል። ደግሞ እንዳታነሳበት።» ዓይኑን በጨው አጥቦ ማለት ይሄ ነው። ሚጣ አንገቷን ደፍታ ወደ ልብስ ማጠቢያዋ ተመለሰች።

ሽቦ ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ፤ አልነሳም። ባትሪው ደህና ነው፣ ሞተር አስነሺው ሞተሪኖም ያዞራል። ዓይኑን ዳሽቦርዱ ላይ ሲጥል አንዲት ቀይ መብራት፣ ውስጧ የቁልፍ ሥዕል ያለባት፣ በጥድፊያ ብልጭ ድርግም ትላለች። «እህ!» አለ ለራሱ። ይቺ መኪና አልታመመችም፤ ሌባ መጥቶብኛል ብላ ነው። ከስርቆት የሚጠብቃት መሣሪያ ቁልፉን አላወቀውምና ሞተሩን ቤንዚን ከልክሎታል። እንዲህ ያለ መኪና ቁልፉ ጭንቅላት ውስጥ ከስንዴ ፍሬ ትንሽ የምትተልቅ ቺፕ አለች፤ መሪው ሥር፣ ቁልፍ ማስገቢያውን የከበበ ቀለበት ደግሞ ያቺን ቺፕ ያነባል፤ ሲያነባት ብቻ ነው የሚፈቅደው። ሽቦ ቁልፉን አውጥቶ በመዳፉ ገለባበጠው። ተራ ቁልፍ ነው፤ የበር ቁልፍ እንደሚቀረጽ የተቀረጸ፣ ውስጡ ምንም የሌለበት። የሚጣንም ቁልፍ አስመጥቶ አየው፤ እሱም እንደዚያው። በዚህ ቁልፍ መኪናዋ ጭራሽ መነሳት አልነበረባትም። «ስንት ዓመት ነው በእነዚህ የምትነዷት?» ብሎ ጠየቀ። «ኧረ ብዙ ነው ጋሼ፣ ዘጠኝ ዓመት ሳይሆን አይቀርም» አለች ሚጣ። ሽቦ ራሱን አከከ። አንድ ነገር ከሩቅ ትዝ ሊለው ይልና ደግሞ ውሃ ይበላዋል።

ምናልባት ዋናው ቁልፍ አባቷ መሳቢያ ውስጥ ይኖር እንደሆነ አብሯት ገባ። ክፍሉ ጠባብ፣ ግን የጸዳ ነው፤ አንድ አልጋ፣ መድኃኒት የተደረደረበት ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ አባትየው በሹፌርነት ካገለገሉበት መሥሪያ ቤት የተሰጣቸው የምስክር ወረቀት። እሳቸው መስኮቱ ሥር፣ ጎማ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መኪናዋ የምትታየው ከዚያ መስኮት ነው። የተባለው ሁሉ፣ ቢያንስ ጮክ ተብሎ የተባለው ሁሉ፣ በዚያ መስኮት ገብቶ እሳቸው ጆሮ ላይ እንደሚወድቅ ሽቦ ወዲያው ገባው። ልጃቸው ሌባ ስትባል ሦስት ቀን ሰምተዋል። ሚጣ መሳቢያውን እየፈተሸች፣ ሰው ማናገር ናፍቋት ነው መሰለኝ፣ ወሬዋን ቀጠለች። «ሕክምናው ይዞላቸዋል ጋሼ። ያቺ ሐኪም ወርቅ የሆነች ልጅ ናት። በአንድ እጅ የጫማ ክር መፍታት አስተምራቸው ባለፈው ሳምንት ፈቱ! ማሰር ነው የቀራቸው፤ ሁለት ወር ካላቋረጡ እሱንም ይችላሉ ብላኛለች። ማክሰኞ በመኪናዋ ምክንያት ቀረን። ባለ ታክሲዎቹ ወንበሩን ሲያዩ ጥለውን ይሄዳሉ። ዛሬም ቀናቸው ነበር።» ከዚያ መኪናዋ ብትነሳም ባትነሳም ዛሬ እንደማይሄዱ ትዝ አላት መሰለኝ፣ ቁልፍ የሌለበትን መሳቢያ ዘጋችው።

አባትየው ሽቦን ትክ ብለው ሲያዩት ቆይተው ድንገት ግራ እጃቸው ተንቀሳቀሰች። የማይታዘዘውን የቀኝ እጃቸውን አንጓ እንደ ቀለበት ጨበጡት፤ ለቀቁት፤ ከዚያ በአውራ ጣታቸው ከሥሩ ጫን ጫን አደረጉት። ደገሙት። «ሰዓት ነው አባባ? ያምዎታል?» አለች ሚጣ። አይደለም፤ ወንበራቸውን በቡጢ መቱት። «ከማክሰኞ ጀምሮ እንዲህ ይላሉ፤ ምን እንደሆነ አልገባኝም።» እንደገና አንጓውን ከበቡት፣ እንደገና ከሥሩ ጫን አደረጉት። ዓይናቸው ሽቦ ላይ ነው፤ የሚለምን ዓይን ነው። ያኔ ሽቦ የተጣመመውን አፍ ትቶ ዓይናቸውን ብቻ ሲያይ፣ የድሮ ደንበኛው፣ ጨዋታ አዋቂው ሹፌር፣ ከፊቱ ድቅን አሉ።

ወይ ጉድ! ይቺን መኪና እሱ ራሱ ነው የሠራት። ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ሰውዬው በአንዲት ቁልፍ መጥተው «ልጄ መንዳት ለምዳልኛለች፣ ለእሷ ሁለተኛ ቁልፍ አውጣልኝ» ብለውት ነበር። «ለወንዶቹስ?» ሲላቸው «ወንዶቹማ የሚያስታውሱኝ መኪናዋ ስታስፈልጋቸው ነው» ብለው ሳቁ። ሁለተኛ ቺፕ ማጻፍ ጊዜ የሚፈጅ ነገር ስለነበረ ሽቦ አቋራጭ መንገድ አሳያቸው፤ ከዋናው ቁልፍ ቺፗን አወጣና፣ ከመሪው ሥር ባለው የፕላስቲክ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ቀለበቱ አጠገብ፣ በጥቁር ፕላስተር ለጠፋት። ከዚያ ወዲያ መኪናዋ ማንኛውንም የተቀረጸ ቁልፍ እሺ ትላለች። «ጋሼ፣ ይቺን ነገር ለልጅዎም ቢሆን እንዳይተነፍሱ፤ አንድ ሌባ ጆሮ ከደረሰች መኪናዎ አለቀላት» አላቸው። «ከእኔና ከአንተ አትወጣም» አሉ። አልወጣችም። ሰውዬው ቃላቸውን ጠብቀው ኖሩ፤ ሊናገሩ የፈለጉ ዕለት ደግሞ አንደበት የላቸውም። የተጨበጠው አንጓ ቀለበቱ፣ ከሥሩ ጫን የሚለው አውራ ጣት ደግሞ የተለጠፈችው ቺፕ ነበሩ። ሽቦ አጠገባቸው ተንበርክኮ «ገባኝ ጋሼ፣ ገባኝ» ሲላቸው በደህናው ዓይናቸው እንባ ወረደ።

ውጭ ወጥቶ የመሪውን ሥር ሲያይ ሽፋኑ አዲስ ነው። እንዴት ቀድሞ አላስተዋለውም? በካቻቢቴ ሦስት ብሎን ፈትቶ አወረደው፤ ውስጡ ባዶ ነው። «ይሄን ማን ነው የለወጠው?» አለ። ትልቁ ልጅ ኩራት ቢጤ ተሰማው። «እኔ ነኛ! ሰኞ ማታ። ያ የተሰነጣጠቀ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ነገር ገዢ አያሸሽም እንዴ?»

«አሮጌውስ?»

«ቆሻሻ ውስጥ ነዋ! የት ላደርገው ነው?»

ሽቦ ተረጋግቶ፣ አንድ በአንድ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዱት አስረዳው፤ ቺፗ ምን እንደሆነች፣ ማን እንዳስቀመጣት፣ የት እንደነበረች፣ ከምን ጋር እንደተጣለች። «እህትህ ምንም አልነካችም» አለ ሲጨርስ። «የነካት ሰው አንተ ነህ።» ታናሽየው ለመጀመሪያ ጊዜ ከስልኩ ቀና አለ። ሚጣ የጨመቀችውን ልብስ እንደያዘች ቆመች። እዚህ ላይ ሰው ቢሆን ኖሮ አፉን በእጁ ይዞ «ይቅር በይኝ እህቴ» ይል ነበር። ትልቁ ልጅ ግን ፊቱ ቀላ፣ ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ «ቆሻሻውን የምታወጣው ማን ናት? እሷ አይደለችም? ታዲያ ዞሮ ዞሮ ያው አይደለም እንዴ!» አለና ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወደ በሩ ሄደ። ከዚያው ሆኖ «አሁን በምን ትነሳለች? እሱን ንገረኝ!» ብሎ ጮኸ። ሽቦ ቺፗ ካልተገኘች የመኪናዋ ኮምፒውተር ተፈትቶ አዲስ እንደሚጻፍለት፣ ያም ቢያጥር ሁለት ሳምንት እንደሚፈጅ ነገረው። ሁለት ሳምንት! ገዢው በባሕር ማዶ፣ መኪናዋ በግቢው፣ ሰውዬው በሕክምናቸው። ሽቦ ይህንን ሲናገር ሚጣን አይቷት ነበርና ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲመጣና ሲሄድ ተመለከተ።

እጁን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ሲሄድ ከጎኑ ቆማ ልብስ ማለቅለቅ ቀጠለች። ከዚያ ቀና ሳትል «አሮጌው ሽፋን እኔ ጋ ነው ጋሼ» አለች። «ከቆሻሻው ውስጥ አንስቼ አባባ አልጋ ሥር አስቀምጬዋለሁ። የእጃቸው ወዝ የጠጣ ነገር ከልጣጭ ጋር ሲሄድ ማየት አልቻልኩም። ቺፕ የሚባል ነገር እንዳለበት ግን፣ ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ አላውቅም ነበር።» ሽቦ ውሃውን ዘጋ። እናቱ ታማ ስትተኛ ሦስት ዓመት ያነሳችና ያስተኛች እህት እሱም አለችው፤ የእናታቸው ቤት ሲሸጥ እሱና እሷ ምን ተባብለው እንደነበር ዛሬም ባያስታውሰው ይመርጣል። «እኔ አልሰማሁም» አላት ቀስ ብሎ። «ከፈለግሽ አልሰማሁም። ስምሽ እንደሁ ነጽቷል፤ ማን እንደጣላት ሁሉም ሰምቷል። ገዢው ይሄዳል። እሱ ሲሄድ ቺፗን እመልሳታለሁ፤ አንቺም ጋሼን ታመላልሺባታለሽ።»

ሚጣ የያዘችውን ሸሚዝ ጨምቃ አራገፈችው፤ ገመዱ ላይ አሰጣችው። የአባቷ ሸሚዝ ነው። «እስካሁን ሌባ ያሉኝ በሐሰት ነው» አለች። «ደብቃለች ያሉኝም በሐሰት ነው። ማታ ማታ የምተኛው ሐሰት መሆኑን ይዤ ነው። አሁን ዝም ካልኩ ግን እውነት ይሆናል፤ እሱን ደግሞ አልችለውም ጋሼ።» ፊቷን በክንዷ አብሳ ገባች። ስትመለስ የተሰነጣጠቀውን ጥቁር ሽፋን በሁለት እጇ ይዛ መጣችና ለወንድሟ ሳይሆን ለሽቦ ሰጠችው።

«ይኸው! አላልኩም? ይኸው ደብቃው ነበር!» ብሎ ትልቁ ልጅ ጣቱን ቀሰረ። ሚጣ «ወንድም ጋሼ…» ብላ ተወችው። «ተው እንጂ አንተ፣ ከጣልክበት ነው ያነሳችው» አለ ታናሽየው። ቀኑን ሙሉ የተናገረው ይቺን ብቻ ነው፤ ተመልሶም ስልኩ ላይ አቀረቀረ። ሽቦ የራሱን ፕላስተር በጥፍሩ ልጦ ቺፗን መዳፉ ላይ ጣላት። እንዳስቀመጣት ነበረች። ፒንሳው ሥር ቢያደርጋት በአንድ ጭምቅ ታልቅ ነበር፤ «ተሰብራለች» ቢል ማንም «አልተሰበረችም» የሚለው የለም። ሚጣን አያት። ራሷን ነቀነቀች፤ አይሆንም ነው። እሱም ቀለበቱ አጠገብ፣ በአዲሱ ሽፋን ውስጥ፣ ለጠፋት። ብሎኖቹን አሰረ፣ ቁልፉን አዞረ፤ ቀይዋ መብራት አንዴ በርታ ጠፋች፣ ሞተሩም ወዲያው ተነሳ።

ያንን ድምፅ ስንት ጊዜ ሰምቶ ደስ ብሎታል! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደክሞት የዋለበትን ቀን የሚያስረሳው ይሄ ነበር። ዛሬ ግን ዓይኑ ወደ መስኮቱ ሄደ። ትልቁ ልጅ «በቃ፣ ተነሳች አይደል!» ብሎ እጁን ሲያፋትግ መስኮቱን አላየም። ገዢው ከሰዓቱ ቀድሞ ደረሰ፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ስለ ምንም ነገር አያውቅም። ኮፈኑን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ዙሪያዋን ዞረ፣ ወንበሩን አስተካከለ። ወረቀት ተፈራረሙ። ሽቦ ሳጥኑን ሲዘጋ መፈተሻ መብራቱን አባትየው ክፍል ረስቶት እንደወጣ ትዝ አለውና ሊያመጣ ገባ። ሚጣም ምሳቸውን ይዛ ከኋላው ገባች።

አባትየው ተዘጋጅተው ነበር። እንዴት እንዳደረጉት እግዜር ይወቅ፤ ኮታቸውን በግራ በኩል አጥልቀው ቀኙን ትከሻቸው ላይ ጥለውታል፣ ባርኔጣቸውን ደፍተዋል፣ ሁለቱንም እግራቸውን ጫማቸው ውስጥ ከትተዋል። ሞተሩ ሲነሳ ሰምተዋል። ዛሬ ሐሙስ ነው። ልጃቸውን ሲያዩ ግማሽ ፊታቸው ፈገግ አለና ክሩ ያልታሰረውን እግራቸውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። ሽቦ መብራቱን አንስቶ መውጣት ነበረበት፤ በሩ ጋ ግን ቆመ። ሚጣ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ እግራቸው ሥር ተንበርክካ አንዱን ክር አሰረች፤ ሌላውንም አሰረች። በደንብ አጥብቃ፣ ሩቅ መንገድ ለሚሄድ ሰው እንደሚታሰር ነው ያሰረችው።

ውጭ የግቢው በር ሲከፈት ሲጢጥ አለ። መኪናዋ ወደ ኋላ ሄደች፣ ቆመች፣ ማርሽ ቀየረች፤ ድምፅዋ መንገዱን ይዞ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። አባትየው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ቆርቆሮው ሥር የቀረው መሬቱ ላይ የጠቆረ የዘይት ነጠብጣብ ብቻ ነው። ብዙ አዩት። ሚጣ ከተንበረከከችበት አልተነሳችም፤ «አባባ» አለች። እሳቸው ከመስኮቱ ተመልሰው አናቷን አዩ። ከዚያ ጎንበስ አሉና፣ ሐኪሟ እንዳስተማረቻቸው፣ የክሩን ጫፍ በግራ እጃቸው አውራ ጣትና ሌባ ጣት ይዘው ቀስ ብለው ሳቡት። ቋጠሮው ተፈታ። ወደ ሌላኛው እግራቸው ዞሩና እሱንም ፈቱት።